ስለ ቴክኖሎጂና ስለ ሰው ልጅ ዕጣ ከየትኛው መጽሐፍ ልጀምር ለምትሉኝ

ከቶቢ ኦርድ «ዘ ፕሬሲፒስ» (እ.ኤ.አ. 2020) ጀምሩ። የኦክስፎርዱ ፈላስፋ በመጪዎቹ 100 ዓመታት የሰው ልጅ የሚጠፋበትን ወይም ዳግም ላይነሳ የሚወድቅበትን ዕድል ከ6 አንድ ይለዋል። አስትሮይድን፣ እሳተ ገሞራንና ሌላውን የተፈጥሮ አደጋ ሁሉ ደምሮ ግን የሚያገኘው ከ10,000 አንድ ብቻ ነው። የቀረው ከእኛው እጅ የሚመጣ ነው፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከ10 አንድ፣ ሆን ተብሎ የተፈበረከ ወረርሽኝ ከ30 አንድ። ግምት መሆናቸውን ራሱም አይደብቅም። እኔን ይበልጥ ያስደነገጠኝ ሌላ ነው፤ የባዮሎጂካል ጦር መሣሪያን የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ዓመታዊ በጀት ከአንድ የማክዶናልድ ምግብ ቤት በጀት እንደሚያንስ ጽፏል።

ቀጥሎ የስቱዋርት ራስል «ሂውማን ኮምፓቲብል» (2019)። ራስል የሰው ሠራሽ አስተውሎትን ዋና መማሪያ መጽሐፍ ከፒተር ኖርቪግ ጋር የጻፈ ሰው ነው፤ ስጋቱን የባዕድ ወሬ ብላችሁ አትለፉት። ማሽን የሰጠነውን ግብ ያለ አንዳች ጥርጣሬ ካሳደደ፣ እንዳናጠፋው እስከ መከላከል ይደርሳል። ፍላጎታችንን ገና እንደማያውቅ አድርገን ከሠራነው ግን ይጠይቀናል፣ አቁም ስንለውም ይቆማል። ይህን ሐሳብ የሚያብራራበትን ክፍል በተለይ ኮድ የምትጽፉ ልጆች ደጋግማችሁ አንብቡት።

የኒክ ቦስትሮም «ሱፐርኢንተለጀንስ» (2014) ጥልቅ ቢሆንም ከባድ ነው፤ ለሦስተኛ አቆዩት።