የተዋሱት መንፊያ
የደምበጫ እረኛ የሸምበቆ ዋሽንት ወጥ በመሆኑ የሚለዋወጥ ክፍል የለውም። አዶልፍ ሳክስ በ1846 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ሳክስፎን ግን አንገቱም ማውዝፒስ የሚባለው መንፊያውም ይነቀላሉ፤ የአንዱ ክፍልም በሌላው ላይ ሊሰካ ይችላል። ይሁን እንጂ መሰካትና መስማማት ለየቅል ናቸው።

ሳክስፎን ጫፉ የተቆረጠ ሾጣጣ ቱቦ ነው። የመንፊያው ውስጣዊ ይዘት የጎደለውን ጫፍ ይዘት መተካት ይኖርበታል። ይዘቱ ከበዛ ድምፆቹ ይወርዳሉ፤ የአየሩ ዓምድ ባጠረ ቁጥር ደግሞ መዛባቱ ይብሳል። አንገቱ በሚገባ ካልገጠመም አየር ያፈተልካል፤ ወፍራም ድምፆችም አልወጣ ይላሉ።

እንግዲህ ተማሪው አንዱን ድምፅ ሲያቃና ኦክታቩ ከተዛባበት፣ ጆሮውን ከመውቀሱ አስቀድሞ የተዋሰውን መንፊያ ይመርምር።