ሰርቨሩ የሚፈተነው መብራት ሲጠፋ ነው

ኡቡንቱ ሰርቨር የተባለውን የሊኑክስ ሲስተም ራስቤሪ ፓይ 4 በተባለው ባለ አንድ ቦርድ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ መጫን ዛሬ ከባድ ሥራ አይደለም። የሲስተሙን ፋይል አውርዶ ሜሞሪ ካርድ ላይ መጻፍ፣ ካርዱን ሰክቶ ቦርዱን ማብራት፣ ከዚያ ከሌላ ኮምፒውተር በኔትወርክ፣ በኤስኤስኤች፣ መግባት ነው፤ ሞኒተርም ኪቦርድም አይጠይቅም። ይህ ቅለት ግን ሥራው ያለቀ ያስመስላል። በእኔ እምነት የባለሙያው ድካም መዋል ያለበት ከሶፍትዌሩ ይልቅ በኤሌክትሪኩና መረጃው በሚቀመጥበት ዕቃ ላይ ነው። ሰርቨር ማንም ባይጠቀምበትም መጻፉን አያቆምም፤ ሎግ ይመዘግባል፣ ዳታቤዝ ያድሳል። ሜሞሪ ካርድ ደግሞ ተሰርዞ የሚጻፍበት ዕድሜው የተወሰነ ነው፤ ጥቂት ባይት ለመቀየር ሰፊ ክፍል እንደገና ሊጽፍ ይችላል። በዚያ መካከል መብራት ከሄደ ማንም ያልነካው ፋይል ጭምር ሊበላሽ ይችላል። «የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ጆርናል (የለውጥ መዝገብ) አለው፣ ራሱን ይጠግናል» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ነገር ግን ጆርናሉ የሚያድነው ካርዱ ጻፍኩት ያለውን በእርግጥ ጽፎት ከሆነ ነው።

ኤሌክትሪኩም ቢሆን መኖሩ ብቻ አይበቃም። ቦርዱ 5 ቮልትና 3 አምፔር ይፈልጋል፤ በስልክ ቻርጀርና በቀጭን ገመድ ሲሠራ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ በዩኤስቢ የተሰካ ዲስክ ይቋረጣል፣ ተጠያቂ የሚደረገው ግን ሊኑክስ ነው። በባትሪ የሚሠራ ሰዓትም ስለሌለው፣ ኢንተርኔት በሌለበት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ያለፈ ሰዓት ይዞ ይነሣል፤ የሎጉ ጊዜ ይዛባል፣ ትክክለኛ የደኅንነት ሰርተፊኬትም ውድቅ ሊሆን ይችላል። ተከታዩ ሞዴል ፓይ 5 እንዲህ ያለ ሰዓት አለው፤ ባትሪው ግን ለብቻው ይገዛል።

ለእነዚህ ችግሮች መፍትሔው በሜሞሪ ካርዱ ፈንታ ኤስኤስዲ ዲስክ መጠቀምና መጠባበቂያ ባትሪ ማከል ነው። «እነዚህ ከተጨመሩ የፓይ ርካሽነት የት አለ? የራሱ ባትሪ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ አይሻልም?» የሚለው ጥያቄ ጠንካራ ነው። ባትሪው ደኅና የሆነ ላፕቶፕ ካለ እኔም እሱን እመርጣለሁ። ከሌለ ግን ፓይ የሚፈጀው ጥቂት ዋት በመሆኑ ትንሽ ባትሪም ለሰዓታት ያቆየዋል። ወጪውም እንደ አገልግሎቱ ነው። ኪዊክስ በተባለው ሶፍትዌር ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ለተማሪዎች የሚያቀርብ የትምህርት ቤት ሰርቨር የሚሠራው በማንበብ ነው፤ ሲስተሙ ለንባብ ብቻ እንዲከፈት ከተደረገ ጥሩ ሜሞሪ ካርድ ይበቃዋል። የታካሚ መዝገብ ወይም የሱቅ ሒሳብ የሚይዝ ከሆነ ግን ኤስኤስዲውም፣ ባትሪውም፣ በሌላ ቦታ የሚቀመጥ ባክአፕም ግድ ናቸው። ማንኛውም ሰርቨር ለባለቤቱ ከመሰጠቱ በፊት፣ ገና የሙከራ መረጃ ብቻ እያለው፣ እየሠራ ሳለ ገመዱ ተደጋግሞ ይነቀል፤ ማንም ሳይነካው ተነሥቶ አገልግሎቱን ካልቀጠለ ተጭኗል አይባልም።