ጥቁር አዝሙድ፦ ከዶራ ሱቆች እስከ ቤሩት ቤተ ሙከራ

እሁድ እሁድ ወደ ቤሩት ዳርቻ፣ ወደ ዶራና ወደ ቡርጅ ሐሙድ ብቅ ያለ ወገን፣ በሐበሻ ሱቆች ከበርበሬውና ከሽሮው አጠገብ ጥቁር አዝሙድ አያጣም። ሊባኖሳውያን «ሐበት አል-በረከ»፣ ማለትም የበረከት ፍሬ ይሉታል። አገር ቤት ጉንፋን ሲይዘን እናቶቻችን በጨርቅ ቋጥረው «አሽቱት» ይሉን ነበር። አሁን ግን «ዘይቱ ካንሰርን ያድናል» የሚል ወሬ ስለሚናፈስ ነገሩን በሳይንሳዊ መንገድ መመርመር ያስፈልጋል።

ወሬው ከሜዳ የተነሣ አይደለም። በጥቁር አዝሙድ ዘይት ውስጥ ታይሞኪኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። የቤሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ፕሮፌሰር ሃላ ጋሊ ሙህተሲብና ባልደረቦቻቸው ይህን ንጥረ ነገር ከሰው የአንጀት ካንሰር በተገኙና በላቦራቶሪ ሳህን በሚያድጉ ሕዋሳት ላይ ሞክረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2004 አሳተሙ። ሕዋሳቱ መራባታቸውን አቆሙ፤ መሞትም ጀመሩ። ሕዋስ ጉዳት ሲደርስበት ራሱን የሚያጠፋበት ሥርዓት አለው፤ ከተቆጣጣሪዎቹ አንዱ ፒ 53 የተባለው ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን የሌላቸው ሕዋሳት ሲፈተኑ ግን ታይሞኪኖን ያን ያህል አልጎዳቸውም። ከዚህም ንጥረ ነገሩ በምን መንገድ እንደሚሠራ ለመረዳት ተቻለ።

ታዲያ በሳህን የታየው በሰው አካል ይደገማል ወይ? ሦስት ነጥቦችን እናጢን።

አንደኛ፣ በሳህኑ ውስጥ ንጥረ ነገሩ ሕዋሱን በቀጥታ ያገኘዋል። በሰው አካል ግን በውኃ በደንብ ስለማይሟሟና ከደም ፕሮቲኖች ጋር ስለሚጣበቅ፣ ከዕጢው ዘንድ ሊደርስ የሚችለው ጥቂት ነው።

ሁለተኛ፣ ተመራማሪው የሚጠቀመው መጠኑ የታወቀ ንጹሕ ታይሞኪኖን ነው። በጠርሙስ የሚሸጠው ዘይት የያዘው መጠን ግን እንደ ዘሩና እንደ አጨማመቁ ይለያያል።

ሦስተኛ፣ ዘይቱን በብዛት መጠጣት ጉዳት የለውም ማለት አይቻልም። ለምሳሌ ከስኳር በሽታ መድኃኒት ጋር ሲወሰድ የደም ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርድ ይችላል።

ይህ ማለት ከዕፅዋት መድኃኒት አይገኝም ማለት አይደለም። የሕፃናት የደም ካንሰር የሚታከምበት ቪንክሪስቲን የተገኘው ከአንድ የማዳጋስካር አበባ ነው። ይሁን እንጂ ለዚህ የበቃው ንጥረ ነገሩ ተነጥሎ፣ ተለክቶና በሕሙማን ላይ ተፈትኖ እንጂ አበባው ተቀቅሎ ስለተጠጣ አይደለም። ታይሞኪኖን ግን እስካሁን ለካንሰር ሕክምና የተፈቀደ መድኃኒት አይደለም።

ይህን የምንጽፈው ለዕውቀት ያህል ብቻ አይደለም። ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ የተያዘባት፣ የሐኪም ቤት ክፍያ ከደመወዟ በላይ የሆነባት እህታችን ጡቷ ላይ እብጠት ስታገኝ ዘይቱ ቀላሉ መንገድ ሆኖ ይታያታል። ካንሰር ግን ጊዜ አይሰጥም። እንግዲህ ጥቁር አዝሙዱን ለዳቦውና ለበርበሬው እናቆየው፤ የታመመችውን እህት ግን አስተርጓሚ ሆነን፣ ወጪዋን ተጋርተን፣ ከሐኪም ዘንድ እናድርሳት።