ካዚኖ የገጠርን ድህነት ያጠፋል? ተረትና እውነታ

በ1985 (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጥቁር አሜሪካውያን መብት ተሟጋቹ ጄሲ ጃክሰን በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት ያለችውን ቱኒካ ካውንቲ (ወረዳ) ጎብኝተው «የአሜሪካ ኢትዮጵያ» አሏት። ያኔ የአገራችን ስም የረሃብ መለኪያ ነበር፤ ቱኒካም ከአሜሪካ እጅግ ድሃ ከሚባሉት ካውንቲዎች አንዷ ነበረች። ግዛቱ በ1990 ካዚኖን ፈቀደ፣ በ1992 ቱኒካ ውስጥ የመጀመሪያው ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ «ካዚኖ ገጠርን ያድናል» የሚሉ ሁሉ ምስክር የሚጠሩት እሷን ነው። ምስክርነቷን ግን እስከ መጨረሻው መስማት ይገባል።

ተረት፦ ፈቃድ ከተሰጠ ገንዘቡ ይመጣል።
እውነታ፦ ቱኒካን የጠቀማት ከፈቃዱ እኩል ቦታዋ ነው። ትልቋ ከተማ ሜምፊስ በቅርብ ርቀት ላይ ናት፤ ሜምፊስ ያለችበት ቴነሲ ደግሞ ካዚኖ አይፈቅድም። ስለዚህ ገንዘቡ ከውጭ መጣ። የአካባቢው ነዋሪ ብቻ የሚጫወትበት ካዚኖ ግን የሱቁንና የምግብ ቤቱን ገበያ ነው ወደ ራሱ የሚያዞረው፤ አዲስ ሀብት አይጨምርም።

ተረት፦ አንዴ የተፈጠረ የሥራ ዕድል ይዘልቃል።
እውነታ፦ ገበያው ሊቀንስ ይችላል፤ ጎረቤት ሲፈቅድ ደግሞ ይከፋፈላል። በ2014 ከቱኒካ ትልልቅ ካዚኖዎች አንዱ የነበረው ሃራስ ተዘግቶ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ተበተኑ። ከዚያም በ2018 የጎረቤት ግዛት የአርካንሶ መራጮች ካዚኖ ፈቀዱ፤ የዚያች ግዛት ከተማ ዌስት ሜምፊስ ከሜምፊስ የሚለያት አንድ ወንዝ ብቻ ነው።

ተረት፦ ጥብቅ ቁጥጥር ካለ ተጫዋቹ አይጎዳም።
እውነታ፦ ቁጥጥር ማጭበርበርን ይከላከላል፤ ስሌቱን ግን አይለውጥም። ሩሌት የተባለው የቁማር ጎማ በአሜሪካው ዓይነት 38 ቦታ አለው፤ በአንድ ቁጥር ያስያዘ ሰው ሲያሸንፍ የሚያገኘው ትርፍ ያስያዘውን 35 እጥፍ ነው። ከተያዘው 100 ዶላር በአማካይ 5 ዶላር ከ26 ሳንቲም ለካዚኖው ይቀራል። ይህ የሚሆነው ጨዋታው ፍጹም ንጹሕ ሲሆን ነው።

ተረት፦ የቁማር ግብር ለሕዝብ አይደርስም።
እውነታ፦ ሕጉ ከወሰነለት ይደርሳል። በኮሎራዶ በ1991 በሦስት የቀድሞ የማዕድን ከተሞች ካዚኖ ሲከፈት፣ ከግብሩ ከፊሉ ለታሪካዊ ቅርሶች ጥበቃ እንዲውል ሕጉ አስቀድሞ አስሮታል።

ካዚኖ ሊፈቅድ የሚያስብ ማንኛውም ገጠር እንግዲህ ከሕንፃው ንድፍ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ተጫዋቹ ከየት ይመጣል? ጎረቤት ቢከፍት ምን ይቀረናል? ግብሩ በሕግ የሚታሰረው ለየትኛው አገልግሎት ነው? ለእነዚህ የተጻፈ መልስ የሌለው ፈቃድ በድሃው ላይ የሚጣል ዕዳ ነው፤ ሊሰጥም አይገባም።