ድር የሚሠሩ ትሎችን በሚበሉት ተክል ስለ መለየት

በየወረዳው ያለ የእርሻ ሹም «ትል በቅጠሉ ላይ ድር አደራ» የሚል አቤቱታ በመጣለት ጊዜ፣ መድኃኒት እንዲረጭ ከማዘዙ አስቀድሞ ተክሉ ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባዋል። በኋላ የእሳት እራት የሚሆኑት ትሎች ብዙዎቹ ምግባቸውን የሚመርጡ ናቸውና፣ ተክሉን ያወቀ ሰው ትሉን መለየት ይቀልለታል።

ይህን ለመልመድ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በአዲስ አበባ በካዛንችስ ብዙ የቆዩ ቤቶች በ2017 ዓ.ም. ለልማት ቢፈርሱም፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ በቀሩት ግቢዎች ጎመን ይተከላል፤ በአጥር ሥርና በወንዝ ዳርም ጉሎ ይበቅላል። እነዚህ ሁለቱ ለምሳሌ ይበቃሉ።

በጎመን ላይ ያለው ትል ትንሽና አረንጓዴ ሆኖ፣ ሲነኩት እየተወራጨ ወደ ኋላ የሚሸሽና በቀጭን ክር የሚንጠለጠል፣ በመጨረሻም በቅጠሉ ላይ እንደ መረብ የሳሳ ጎጆ የሚሠራ ከሆነ፣ ፕሉቴላ ዛይሎስቴላ የሚባለው ተባይ ነው። ይህ ተባይ ዲዲቲ የተባለውን መርዝ መቋቋሙ እ.ኤ.አ. በ1953 በጃቫ ደሴት ተመዝግቧል። ስለዚህ አንዱን መርዝ ደጋግሞ መርጨት ጠላቶቹ የሆኑትን ጥቃቅን ተርቦች ይፈጃል እንጂ ተባዩን አያጠፋውም።

ጉሎ ግን ሳሚያ ሪቺኒ የተባለው የሐር ትል ምግብ ነው፤ በመልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከልም ጥናት ተደርጎበታል። ይህ ትል በሰው እጅ በቤት የሚረባ ስለ ሆነ፣ በሜዳ ጉሎ ላይ የተገኘ ትል ሁሉ እርሱ ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን ሐር አርቢ ባለበት ቀበሌ ጉሎ መርዝ ከተረጨበት፣ ቅጠሉ የተቀለበለት ትል ያልቃል፤ የቤተ ሰቡም ገቢ አብሮ ይቀራል።

በሑመራና በመተማ የሰሊጡን ጫፍ ቅጠሎች በድር አጣብቆ በውስጥ የሚበላው አንቲጋስትራ ካታላውናሊስ ነው፤ ኋላም አበባውንና ፍሬውን ይበሳል። የቡናን ፍሬዎች በድር አያይዞ የሚበላው ደግሞ ፕሮፋንቲስ ስማራግዲና ይባላል።

እንግዲህ ሹሙ ሦስት ነገር ይመልከት፤ ተክሉን፣ ድሩ ያለበትን ስፍራ፣ በድሩም ውስጥ ያለውን። የሸረሪት ድር አዳኝ ወጥመድ ነው፤ የትል ድር ግን ቅጠሉን ያጣብቃል፣ ኩሱም በውስጡ ይገኛል። ጥርጥር ቢኖር ትሉን ከነቅጠሉ አየር በሚገባበት ዕቃ አኑሮ፣ የእሳት እራት ሆኖ እስኪወጣ ጠብቆ ለባለሙያ ይላክ። መርዙ የሚታዘዘው ከዚህ በኋላ ነው።