ተጨማሪ መረጃ፦ የይለፍ ቃሉ ትክክል፣ ግንኙነቱ ግን እምቢ

ፕሮግራምና ዳታቤዝ የሚነጋገሩት በማገናኛ ላይብረሪ በኩል ነው። ዳታቤዙ ታድሶ ማገናኛው በድሮው ሥሪት ከቀረ ንግግሩ ከሰላምታው ሊቋረጥ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ሥሪት 8.0 ይህን በደንብ አሳይቷል። ነባሪውን የይለፍ ቃል ማረጋገጫ ስልት ይበልጥ አስተማማኝ በሆነ በሌላ ተካው። አዲሱን ስልት የማያውቁ የቆዩ የፒኤችፒና የኖድ ጄኤስ ማገናኛዎች ትክክለኛ የይለፍ ቃል ይዘው እንኳ መግባት ተከለከሉ። ብዙ አልሚዎች የተጠቃሚውን መለያ ወደ ድሮው ስልት መልሰው ነገሩን አለፉት። መላው ግን ዕድሜ አልነበረውም፤ በ2024 ሥሪት 8.4 የድሮውን ስልት በነባሪ ዘጋው፣ በዚያው ዓመት የተከተለው 9.0 ደግሞ ከሰርቨሩ ጨርሶ አወጣው።

ሌላው ዳታቤዝ ፖስትግሬስ የበለጠ ታግሷል። ስክራም የተባለውን ማረጋገጫ በ2017 በሥሪት 10 አስተዋውቆ፣ ነባሪ ያደረገው በ2021 በሥሪት 14 ነው። ለማገናኛ ጸሐፊዎች ደህና ፋታ!

የሊኑክስ ጥቅል አዘጋጆች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው፦ በላይብረሪው ፋይል ስም ላይ የሚታየው ቁጥር። የማይኤስኪውኤል 5.7 ደንበኛ ላይብረሪ 20 ቁጥርን፣ የ8.0 ደግሞ 21ን ይዟል። ከ20 ጋር ተያይዞ የተጠናቀረ ፕሮግራም 21ን አይቀበልም፤ ላይብረሪው ብቻውን ቢቀየር ፕሮግራሙ ጭራሽ አይነሳም። ስለዚህ በእሱ ላይ የተመሠረቱ ጥቅሎች ሁሉ አብረው እንደገና ይጠናቀራሉ።

አዲስ ማገናኛ አብዛኛውን ጊዜ ከቆየ ሰርቨር ጋር ይግባባል። ስለዚህ በቤተ ሙከራ ስትሠሩ አስቀድማችሁ ማገናኛውን አሻሽሉ፤ ሰርቨሩን ከዚያ በኋላ።