ገንዘብ እያለው መክፈል ያልቻለው ክለብ

የአርሰናል ደጋፊ ክሮንኬ የሚለውን ስም ሳያነሳ የሚያልፍ ክረምት የለም። አጥቂ ግዙ፣ አማካይ አምጡ፣ ገንዘቡን አውጡ የሚለው ልመናና ወቀሳ ሁሉ የሚሄደው የክለቡ ባለቤት ወደሆነው ወደዚሁ አሜሪካዊ ቤተሰብ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጁላይ 2023 ቤተሰቡ እጁን ፈታ፤ ለዴክላን ራይስ ብቻ ከነተጨማሪ ክፍያዎቹ 105 ሚሊዮን ፓውንድ የሚደርስ ስምምነት ፈጸመ። በዚያው ሰሞን በኮሎራዶዋ ዴንቨር የዚሁ ቤተሰብ ንብረት የሆነው የቅርጫት ኳስ ክለብ፣ ዋንጫ ያበላውን አንድ ተጫዋች በዓመት ከ7.8 ሚሊዮን ዶላር በላይ እከፍልሃለሁ ሊለው አልቻለም። ተጫዋቹም ጥሎት ሄደ። ገንዘብ ጠፍቶ አልነበረም፤ ደንቡ አይፈቅድም ነበር።

ተጫዋቹ ብሩስ ብራውን ይባላል። ዴንቨር ናጌትስ ማያሚ ሂትን 4 ለ 1 ረትቶ በኤንቢኤ ታሪኩ የመጀመሪያውን ዋንጫ ሲያነሳ ብራውን ቋሚ ተሰላፊ አልነበረም፤ ተቀይሮ ነበር የሚገባው። ግን ማያሚ ላይ በተደረገው አራተኛው የፍጻሜ ጨዋታ 21 ነጥብ አስቆጠረ። ከእነዚህ ውስጥ 11ዱን ያገባው በመጨረሻው ሩብ ነው፤ የቡድኑ ምሰሶ ኒኮላ ዮኪች አምስተኛ ፋውል ተቆጥሮበት ለተወሰነ ጊዜ ወንበር ላይ በተቀመጠበት በዚያው ሩብ። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ማንም ክለብ እያየ አይለቅም። ናጌትስ ግን ለቀቀው።

ነገሩ እንዲገባ ከደንቡ መጀመር ያስፈልጋል። በእንግሊዝ እግር ኳስ ወጪንና ገቢን የሚያመጣጥኑ ሕጎች ቢኖሩም በዚያን ጊዜ ለሁሉም ክለብ እኩል የተቆረጠ የደሞዝ ጣሪያ አልነበረም። ኤንቢኤ ግን ከ1984–85 የውድድር ዘመን ጀምሮ ጣሪያ አለው። ሲጀመር ለአንድ ክለብ 3.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2023–24 136 ሚሊዮን፣ በ2025–26 ደግሞ 154.6 ሚሊዮን ደርሷል። ቁጥሩ የሚሰላው ከሊጉ ገቢ ነው። ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር በተፈራረሙት ውል ተጫዋቾች ከገቢው ግማሽ ያህሉን ስለሚወስዱ፣ የቴሌቪዥን ገንዘብ ሲጨምር ጣሪያውም አብሮ ከፍ ይላል። በ2016 የአዲስ የቴሌቪዥን ውል ገንዘብ በአንድ ጊዜ ሲገባ ጣሪያው ከ70 ወደ 94 ሚሊዮን ዘለለ፤ በዚያ ክረምት በመደበኛው ውድድር 73 ጨዋታ አሸንፎ የነበረው ጎልደን ስቴት ዎሪየርስ ባገኘው ክፍተት ኬቨን ዱራንትን አስፈረመ። ከዚያ ትምህርት ተወስዶ አሁን ጣሪያው በዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳይጨምር ተደርጓል።

ጣሪያ ሲባል ግን ማለፍ ፈጽሞ ክልክል ነው ማለት አይደለም። በ1997–98 የቺካጎ ቡልሱ ማይክል ጆርዳን ብቻውን 33.1 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎታል። የዚያ ዓመት ጣሪያ ለመላው ቡድን 26.9 ሚሊዮን ነበር። አንድ ሰው ከመላው ቡድን ጣሪያ በላይ ሊከፈለው የቻለው፣ ክለብ የራሱን ተጫዋች ለማቆየት ሲሆን ከጣሪያው በላይ እንዲወጣ የሚፈቅድ ልዩ መብት ስላለ ነው። መብቱ በቦስተን ሴልቲክሱ ኮከብ በላሪ በርድ ስም ይጠራል። የኤንቢኤ ክረምት ምሥጢር ያለው እዚህ የበርድ መብት ላይ ነው ማለት ይቻላል።

መብቱ ግን በአንድ ጊዜ ሙሉ አይሆንም። ተጫዋቹ ሳይለቀቅና በነፃ ዝውውር ክለብ ሳይቀይር ሦስት ዓመት ከቆየ፣ ክለቡ ጣሪያውን አልፎ እስከ ከፍተኛው የግል ደሞዝ ሊከፍለው ይችላል። ሁለት ዓመት ከሆነ ፈቃዱ ይጠባል። አንድ ዓመት ብቻ ከሆነ ደግሞ በነበረው ደሞዝ ላይ 20 በመቶ ከመጨመር አያልፍም።

የብራውን ጉዳይ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። በ2022 ክረምት ወደ ዴንቨር ሲመጣ ክለቡ ከጣሪያው በላይ ስለነበር፣ የደሞዝ ድምራቸው ከፍ ብሎ ለሊጉ ታክስ ለሚከፍሉ ክለቦች በተፈቀደችው አነስተኛ ድርሻ በ6.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር ያስፈረመው። ውሉ የሁለት ዓመት ሆኖ ሁለተኛውን ዓመት የመተው ምርጫ ለተጫዋቹ ሰጥቶት ነበር። ብራውን ዋንጫውን ካነሳ በኋላ ምርጫውን ተጠቅሞ ነፃ ሆነ። አንድ ዓመት ብቻ ያገለገለ ሰው ነውና 6.5 ሚሊዮን ላይ 20 በመቶ ሲጨመር 7.8 ሚሊዮን ይመጣል። ኢንዲያና ፔሰርስ ከጣሪያው በታች ሰፊ ቦታ ስለነበረው ለመጀመሪያው ዓመት 22 ሚሊዮን፣ በጠቅላላ ለሁለት ዓመት 45 ሚሊዮን ዶላር ዘረጋለት። በሃያዎቹ ዕድሜ ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ያለ፣ ከዚያ በፊት ትልቅ ውል አግኝቶ የማያውቅ ሰው ይህን ገንዘብ እምቢ ይበል ማለት ከሰው አቅም በላይ መጠየቅ ነው።

ናጌትስስ ለምን ከጣሪያው በታች ወርዶ ቦታ አላስለቀቀም? መልሱ ቋሚዎቹ አምስቱ ናቸው። ለ2023–24 ዮኪች 47.6፣ ጀማል መሪ 33.8፣ ማይክል ፖርተር ጁኒየር 33.4፣ አሮን ጎርደን 22.3፣ ኬንታቪየስ ካልድዌል-ፖፕ 14.7 ሚሊዮን ዶላር የሚከፈላቸው ነበሩ። የአምስቱ ድምር ወደ 152 ሚሊዮን ይጠጋል፤ ጣሪያው 136 ነው። ለብራውን ቦታ ለመክፈት ዋንጫ ያመጣውን ቡድን ማፍረስ ያስፈልግ ነበር። በኤንቢኤ የአንድ ክረምት ዕጣ የሚወሰነው ከዓመታት በፊት በተፈረሙ ውሎች ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

የነፃ ተጫዋቾች ገበያ የሚጧጧፈው ጁን 30 አመሻሽ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ይሆናል። በዚያች ሰዓት እያንዳንዱ ክለብ በእጁ ያለው መሣሪያ የተለያየ ነው። ከጣሪያው በታች ያለ ክለብ ክፍተቱ እስኪሞላ ማንንም ማስፈረም ይችላል። ከጣሪያው በላይ ያለው ሚድ ሌቭል የምትባለውን ድርሻ ይጠቀማል፤ በ2025–26 14.1 ሚሊዮን ዶላር ናት፤ በደሞዝ ወደ ላይ ለራቀው ክለብ ወደ 5.7 ሚሊዮን ትወርዳለች፣ ከዚያም በላይ ለወጣው ጭራሽ ትቀራለች። ሁሉም ሊያደርገው የሚችለው በሊጉ ዝቅተኛ ደሞዝ ማስፈረም ብቻ ነው። ከሌላ ክለብ ጋር ተጫዋች መለዋወጥም አለ፤ እዚያ ግን የዝውውር ክፍያ የሚባል ነገር ስለሌለ ልውውጡ ውል በውል ነው፤ የሁለቱም ወገን ደሞዝ በደንቡ መሠረት መቀራረብ አለበት።

የቅደም ተከተል ብልሃትም አለ። ውሉ ያለቀ ተጫዋች አዲስ ውል እስኪፈርም ወይም ክለቡ መብቱን እስኪተው ድረስ በጣሪያው ላይ የተወሰነ ቦታ ይያዝበታል። የሚያዘው ቦታ ግን ወደፊት ከሚከፈለው ደሞዝ ጋር እኩል አይደለም። ፊላደልፊያ ሰቨንቲሲክሰርስ ይህን በሚገባ ያውቅ ነበር። ታይሪስ ማክሲ በ2023 ውሉን ማራዘም ይገባው የነበረ ጎበዝ ወጣት ሲሆን ክለቡ አንድ ዓመት ታገሠኝ አለው። በ2024 ክረምት የማክሲ ስም ጣሪያው ላይ የያዘው ቦታ 13 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር፤ በአዲሱ ውል የመጀመሪያ ዓመት ደሞዙ ግን 35 ሚሊዮን። ክለቡ በመሐሉ ባለው 22 ሚሊዮን እየታገዘ መጀመሪያ ፖል ጆርጅን ከሎስ አንጀለስ ክሊፐርስ በአራት ዓመት 212 ሚሊዮን አስፈረመ፤ ከዚያ በበርድ መብት ከጣሪያው በላይ ወጥቶ ለማክሲ የአምስት ዓመት 204 ሚሊዮኑን ሰጠ። ስሌቱ እንከን አልነበረውም። ጉዳት ግን ስሌት አያውቅም፤ በቀጣዩ የውድድር ዘመን ጆርጅ 41 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ፣ ቡድኑም 24 አሸንፎ 58 ተሸነፈ።

ከጣሪያው በላይ ደግሞ ሌሎች ደረጃዎች አሉ። በ2025–26 የደሞዙ ድምር 187.9 ሚሊዮን ዶላር ሲያልፍ ባለቤቱ የቅንጦት ታክስ መክፈል ይጀምራል። 195.9 ሚሊዮን ላይ የመጀመሪያው አፕረን፣ 207.8 ሚሊዮን ላይ ሁለተኛው አፕረን ይመጣል። ታክሱን ሀብታም ባለቤት ሊችለው ይችላል። አፕረኖቹ ግን ገንዘብ ከመቅጣት አልፈው እጅ ያስራሉ። ሁለተኛውን ያለፈ ክለብ ሚድ ሌቭል የለውም፤ የሁለት ተጫዋቾችን ደሞዝ ደምሮ አንድ ትልቅ ኮከብ በልውውጥ ማምጣት አይችልም፤ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ድራፍት፣ ከሰባት ዓመት በኋላ የሚመጣው የአንደኛ ዙር ዕጣውም በልውውጥ እንዳይሰጥ ይታገዳል። በ2024 ሻምፒዮን የነበረው ቦስተን ሴልቲክስ ኮከቡ ጄሰን ቴተም ከተጎዳ በኋላ በ2025 ክረምት ጁሩ ሆሊዴይን ለፖርትላንድ፣ ክሪስታፕስ ፖርዚንጊስን ለአትላንታ የሰጠው ከዚህ መስመር ለመውረድ ነው።

ናጌትስም ከዚህ አላመለጠም። በ2024 ክረምት ካልድዌል-ፖፕ ነፃ ሲወጣ ክለቡ ሙሉ የበርድ መብት ነበረው፤ እንደ ብራውን ጊዜ እጁን የያዘው የለም። የፈራው ሁለተኛውን አፕረን ነው። ተጫዋቹ በሦስት ዓመት 66 ሚሊዮን ዶላር ወደ ኦርላንዶ ማጂክ ሄደ። በሁለት ክረምት ሁለት የዋንጫ ተጫዋቾች መሄዳቸው ነው። ክለቡም በ2024 በሚኔሶታ፣ በ2025 በኦክላሆማ ሲቲ፣ ሁለቱንም ጊዜ በሰባተኛው ጨዋታ ተሸንፎ ከጥሎ ማለፉ ውድድር (ፕሌይኦፍ) ወጣ።

የደንቡ ዓላማ መልካም መሆኑ አይካድም። ከ2019 እስከ 2025 ሰባት የተለያዩ ክለቦች ዋንጫውን አንስተዋል፤ ትንሽ ከተማ ያለው ክለብ ተስፋ የሚያደርግበት ሊግ ነው። ይሁን እንጂ ናጌትስ ላይ የወደቀው ሸክም ፍትሐዊ አይደለም። ዮኪች በ2014 ድራፍት 41ኛ ሆኖ የተመረጠ፣ ያኔ ብዙ ሰው የማያውቀው ሰርቢያዊ ወጣት ነበር። መሪ በ2016 በ7ኛ፣ ፖርተር በ2018 በ14ኛ ዕጣ መጡ። ክለቡ በትዕግሥት ያሳደጋቸው ልጆች ናቸው፤ ጎበዝ ስለሆኑ ደሞዛቸው አደገ፣ ደሞዛቸው ስላደገ ክለቡ ይቀጣል። ክለብ ራሱ መርጦ ያሳደገው ተጫዋች ደሞዝ ሲቆጠር የተወሰነው ከአፕረኑ ስሌት ቢወጣ፣ ኮከብ ለማስፈረም በሚሯሯጠውና ልጆቹን በሚያሳድገው መካከል ልዩነት ይደረግ ነበር።

እስከዚያው መፍትሔ የሚፈልገው ተጫዋቹ ራሱ የሚሆንበት ጊዜም አለ። የኒው ዮርክ ኒክሱ ጄለን ብራንሰን አንድ ዓመት ቢታገሥ በአምስት ዓመት 269 ሚሊዮን ዶላር ያገኝ ነበር፤ በ2024 ክረምት የአራት ዓመት 156.5 ሚሊዮኑን ፈረመ። ልዩነቱ ወደ 113 ሚሊዮን ነው። በዚያው ዓመት ክለቡ ኦጂ አኑኖቢን አቆይቶ ሚካል ብሪጅስንና ካርል-አንቶኒ ታውንስን አመጣ። ብራንሰን ያደረገው የሚያስመሰግን ነው፤ ግን ከሁሉም ተጫዋች መጠበቅ ተገቢ አይሆንም። የተጫዋች ዕድሜ አጭር ነው።

ዴንቨር በ2025 አሠልጣኙን ማይክል ማሎንንና ዋና ሥራ አስኪያጁን ካሰናበተ በኋላ በክረምቱ ሌላ መንገድ ሞከረ። ለ2025–26 38 ሚሊዮን ዶላር የሚከፈለውን ፖርተርን፣ የ2032ን የአንደኛ ዙር የድራፍት ዕጣ ጨምሮ ለብሩክሊን ኔትስ ሰጠና ካሜሮን ጆንሰንን ተቀበለ። ጆንሰን ተኳሽ ነው፣ ይከላከላል፣ ደሞዙም በ17 ሚሊዮን ገደማ ያንሳል። ይህ ቅናሽ በሮችን ከፈተ። ከመጀመሪያው አፕረን በላይ ያለ ክለብ በልውውጥ ከሚሰጠው ደሞዝ የበለጠ መቀበል አይችልም፤ ናጌትስ ከመስመሩ በታች ስለወረደ 5.4 ሚሊዮን የሚከፈለውን ዳርዮ ሻሪችን ለሳክራሜንቶ ሰጥቶ 10.4 ሚሊዮን የሚከፈለውን ዮናስ ቫላንቹናስን አመጣ። ለዓመታት የዮኪች ተቀያሪ ፍለጋ ሲንከራተት ለነበረ ቡድን ትልቅ ነገር ነበር። ብራውንም በኢንዲያና፣ በቶሮንቶና በኒው ኦርሊንስ ዞሮ 45 ሚሊዮኑን ከተከፈለ በኋላ በሊጉ ዝቅተኛ ደሞዝ ወደ ዴንቨር ተመለሰ። ክፍያው ዝቅተኛው ስለሆነ የበርድ መብትም ሚድ ሌቭልም አላስፈለገም።

የሚቀጥለው ፈተና ከወዲሁ ተጽፏል። በ2026–27 ዮኪችና መሪ ብቻ ወደ 109 ሚሊዮን ዶላር ይወስዳሉ። የካልድዌል-ፖፕን ቦታ የተረከበው ክርስቲያን ብራውን በኦክቶበር 2025 የፈረመው የአምስት ዓመት 125 ሚሊዮን ዶላር ውልም የሚጀምረው በዚያው ዓመት ነው። በተመሳሳይ ድራፍት የመጣው ፔይተን ዋትሰን ግን እስከ ቀነ ገደቡ ውሉን ሳያራዝም ቀረ። በደንቡ መሠረት በ2026 ክረምት ሌላ ክለብ ውል ሲያቀርብለት ዴንቨር ያንኑ ያህል ከፍሎ የማስቀረት መብት ይኖረዋል፤ ክለቡ መብቱን የሚጠቀመው ድምሩ ሁለተኛውን አፕረን ያልፍ እንደሆነ ካሰላ በኋላ ነው።